ከ09 ወደ 07 ልሻገር? መስመር ከመቀየራችሁ በፊት ስለ ሰፈራችሁ ኔትወርክ

«09 (ኢትዮ ቴሌኮም) ወይስ 07 (ሳፋሪኮም)፣ የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ሲም ካርድ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ አለ። ታክሲ ውስጥ ይነሳል፤ ቢሮ ውስጥም ይነሳል። አንዱ «የ07 ኢንተርኔት እሳት ነው» ይላል። ሌላው «እኛ ግቢ ሲገባ ይጠፋል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ኔትወርክ በቦታ ይለያያል። ለቦሌ የሠራ መልስ ለጎሮ ላይሠራ ይችላል። ለአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሠራውም ለዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ላይሆን ይችላል።

ጥያቄው ለእኛ አዲስ ነው። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የቴሌ አገልግሎት ከመንግሥት እጅ ሳይወጣ ኖሯል። አማራጭ ስላልነበረ ኔትወርክ ሲጠፋ ከማማረር ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራ የኩባንያዎች ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አሸነፈ። በነሐሴ 2014 በድሬዳዋ የሙከራ አገልግሎት ጀመረ፤ በመስከረም 2015 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ጀምሮ 09 ወይስ 07 የሚለው ክርክር አልቆመም።

ስለዚህ እዚህ «ይህን ኩባንያ ያዙ» አልልም። ብል እንኳ ለግማሻችሁ ስህተት ይሆናል። የምፈልገው ኔትወርክ እንዴት እንደሚሠራ ገብቷችሁ በራሳችሁ ቤት፣ በራሳችሁ መንገድ ላይ ራሳችሁ እንድትፈርዱ ነው።

«ኔትወርክ አለ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሞባይል በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ስትደውሉ ድምፃችሁ ከስልኩ ወጥቶ በአየር ላይ እስከ ቅርቡ አንቴና ይሄዳል። አንቴናው የሚሰቀለው ማማ ላይ ወይም ረጅም ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በፋይበር ገመድ ይጓዛል፤ ፋይበር በሌለበት ደግሞ ከማማ ወደ ማማ በማይክሮዌቭ ይሻገራል። ከእናንተ እስከ አንቴናው ያለችው ርቀት ከጠቅላላው መንገድ ትንሿ ናት። የአብዛኛው ሰው ችግር ያለው ግን እዚችው ላይ ነው።

አንድ አንቴና የሚያዳርሰው አካባቢ ሴል ይባላል። ሰው በበዛበት ከተማ አንድ ሴል ከጥቂት መቶ ሜትር ላያልፍ ይችላል። ሜዳማ ገጠር ላይ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሽፋን የሚባለው እነዚህ ሴሎች ተደማምረው የሚደርሱበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኩባንያዎች «ይህን ያህል በመቶ ሽፋን አለን» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት ሰው ነው፤ መሬት አይደለም። ኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት። ሕዝቡ ግን በአብዛኛው ደጋው ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል። ስለዚህ ከተማና ሰው የበዛበትን ደጋ የሸፈነ ኩባንያ ሰፊ ቆላና በረሃ ሳይነካ ትልቅ መቶኛ ማስመዝገብ ይችላል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ብቻ ለረጅም መንገድ ሹፌርና ለአርብቶ አደር ቤተሰብ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው።

ደግሞም «አለ» የሚለው ቃል ብዙ ዓይነት ኔትወርክ ይይዛል። 2ጂ ለጥሪና ለአጭር መልእክት ይበቃል፤ ኢንተርኔቱ ግን ያንገሸግሻል። 3ጂ ቴሌግራምን ያስኬዳል። ቪዲዮ በደንብ የሚያሳየው 4ጂ ነው። 5ጂ በተመረጡ ከተሞችና ሰፈሮች የሚገኝ ነው። አንድ ወረዳ «ተሸፍኗል» ሲባል በየትኛው እንደተሸፈነ ካልተጠየቀ መልሱ ጎዶሎ ነው።

ማማ ማየትም ማስረጃ አይሆንም። «ከቤታችን ፊት ለፊት ማማ ተተክሏል፤ ታዲያ ለምን አይሠራም?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ኩባንያዎች ማማ ይከራያያሉ። ሳፋሪኮም ከራሱ ማማዎች ሌላ ከኢትዮ ቴሌኮም በተከራያቸው ላይም አንቴና ሰቅሏል። በአንዱ ብረት ላይ የሁለቱም ሊኖር ይችላል፤ የአንዱ ብቻም ሊሆን ይችላል። ማማ መጋራት ብቻውን የ07 ስልክ የ09ን ኔትወርክ እንዲይዝ አያደርግም። ብረቱ የጋራ ቢሆንም መሣሪያው የየራስ ነው።

ጎረቤቴ ጋ ይሠራል፤ እኔ ጋ ለምን እምቢ አለ?

የመጀመሪያው ምክንያት መሬቱ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ተራራ አይበሳም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተጓዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አፋፉ ላይ የተተከለ አንቴና ወደ ሸለቆው በቀጥታ ካላነጣጠረ ግርጌው ላይ ያለ ስልክ ጥላ ውስጥ ይወድቃል። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ እንዲኖር ሸለቆውን ታስቦበት አንቴና መተከል አለበት። አዲስ አበባም ብትሆን ከእንጦጦ ጀምራ የምትወርድ ወንዝና ገደል የበዛባት ከተማ ናት። ሃምሳ ሜትር ዝቅ ብሎ ወንዝ ዳር የተሠራ ቤትና ከበላዩ አስፋልት ዳር ያለ ሱቅ አንድ ዓይነት ኔትወርክ ላያገኙ ይችላሉ።

ሁለተኛው ግድግዳ ነው። ሞገድ በእንጨትና በቀጭን ግድግዳ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል። ብረት የታሰረበት ኮንክሪት ያዳክመዋል። ቆርቆሮ ይመልሰዋል። በአዳዲሶቹ ሕንፃዎች ላይ የምናየው እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው መስኮትም ቀጭን የብረት ቅብ ካለው ሞገዱን በጣም ይቀንሰዋል። የሊፍት ነገር አይነሳ። ምድር ቤት ያሉ ሱቆች፣ መጋዘኖችና የመኪና ማቆሚያዎች የሚቸገሩት በዚህ ነው።

ሦስተኛው ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ። 800 እና 900 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ያለው ዝቅተኛ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል። 1800፣ 2100 እና 2600 ላይ ያለው ብዙ ዳታ ይሸከማል፤ ግን ቶሎ ይደክማል። ለ5ጂ የተለመደው የ3500 አካባቢ ደግሞ ከእነዚህም ያጠረ ነው። ስለዚህ ደጅ ላይ 4ጂ የነበረው ስልክ ሳሎን ሲገባ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ቢወርድ አይግረማችሁ። ዝቅተኛው ሞገድ ቤት ገባ፤ ከፍተኛው ግን በር ላይ ቀረ ማለት ነው።

የስልክ ግንኙነት የሁለት ወገን መሆኑም ይረሳል። አንቴናው በአሥር ቤት በሚቆጠር ዋት ይናገራል። 4ጂ ላይ ያለ ስልካችሁ ጉልበቱ ሲበዛ 0.2 ዋት ነው። እናንተ እየሰማችሁ ከወዲያ በኩል ያለው ሰው «ሄሎ? ሄሎ? አይሰማም!» የሚለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። የእነሱ ድምፅ ደረሰ፤ የእናንተ ደካማ ሞገድ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ስልኩ ይህን ለማካካስ ጉልበቱን ሁሉ ስለሚያወጣ ደካማ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ባትሪም ቶሎ ያልቃል። ቤታችሁ ውስጥ ባትሪ ሳትነኩት የሚያልቅ ከሆነ ኔትወርኩን ጠርጥሩ።

ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን አይንቀሳቀስም። ለምን?

ይህ ብዙ ሰው የሚያናድደው ነገር ነው፤ መናደዱም ተገቢ ነው። መልሱን ለመረዳት የግቢያችሁን ቧንቧ አስቡ። የሲግናል ምልክቱ የሚነግራችሁ ቧንቧው ደጃችሁ መድረሱን ብቻ ነው። ውሃ በደንብ መውረዱ በሌላ ነገር ላይ ይወሰናል። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከከፈተ ግፊቱ ይቀንሳል። ወደ ሰፈሩ የሚመጣው ዋናው መስመር ቀጭን ከሆነም ሌሊት ብትከፍቱት እንኳ ያንጠባጥባል።

ኔትወርክም እንዲሁ ነው። የአንድ ሴል አቅም በዚያ ሰዓት እዚያ ላሉ ሰዎች ሁሉ ይከፋፈላል። መርካቶ በሥራ ሰዓት፣ ስታዲየም በጨዋታ ቀን፣ መስቀል አደባባይ በደመራ ስልክ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። በመኖሪያ ሰፈር ደግሞ የጭንቁ ሰዓት ከምሽቱ 1 እስከ 4 ነው። ሰው ከሥራ ገብቶ ቪዲዮ የሚከፍተው ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት ተንቀርፍፎ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚሮጥ ኢንተርኔት ካላችሁ ችግራችሁ የአቅም ነው እንጂ የሽፋን አይደለም። ሌሊትም ጠዋትም ያው ከሆነ ግን ማማውን ከዋናው መረብ ጋር የሚያገናኘው መስመር ጠቦ ይሆናል።

አዲስ ኩባንያ ወደ አንድ ሰፈር ሲገባ መጀመሪያ አካባቢ ፈጣን የሚመስለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ተጠቃሚው ገና ጥቂት ነው። ሰው ሲበዛ ኩባንያው አንቴና ካልጨመረ ፍጥነቱ ይወርዳል። «መጀመሪያ ጥሩ ነበር፤ አሁን ተበላሸ» የሚለው ወሬ ከዚህ ይመነጫል። የዛሬ ሁለት ዓመት የሰማችሁት ምስክርነት ዛሬ ላይሠራ ይችላል፤ ቅሬታውም እንደዚያው።

መብራትም አለ። ማማ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይቆያል፤ ጄኔሬተር ወይም ሶላር ያለውም አለ። የባትሪው ዕድሜ ካለቀና ሌላ መጠባበቂያ ከሌለ ማማው ይጠፋል። መብራት በሄደ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ ኔትወርክም ተከትሎ የሚሄድበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ይህን ልብ በሉ። ለእናንተ ትልቁ ጥያቄ ፍጥነት ላይሆን ይችላል። መብራት በሌለበት ሰዓት የትኛው ኩባንያ ቆሞ ይቆያል የሚለው ሊሆን ይችላል። ይህን ደግሞ ከጎረቤት ውጭ የሚነግራችሁ የለም።

ስልኩ ላይ ያሉትን የሲግናል ዘንጎች ማመን ይቻላል?

በከፊል። አራት ዘንግ ማለት ስንት ሲግናል ነው የሚለውን የሚወስነው ስልኩን የሠራው ኩባንያ ነው፤ ሁሉም የሚከተሉት አንድ ወጥ መለኪያ የለም። ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንድ ኔትወርክ ላይ ሆነው፣ አንዱ ሁለት ሌላው አራት ዘንግ ሊያሳይ ይችላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ራሱ አምኗል። አይፎን 4 ላይ ቅሬታ ሲበዛ ዘንጎቹን የሚያሰላበት ቀመር ስህተት እንደነበረና ከሚገባው በላይ ዘንግ ያሳይ እንደነበር በይፋ ገልጿል።

ትክክለኛው መለኪያ ዲቢኤም ይባላል። ሁሌም ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ነው፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ሲግናሉ ጠንካራ ነው። ለ4ጂ ከ−80 የተሻለ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። እስከ −100 ድረስ ይሠራል። −110 ሲደርስ መቆራረጥ ይጀምራል። −120 አካባቢ ከሆነ አለ ለማለት ይከብዳል። ቁጥሮቹ የተቀራረቡ ይመስላሉ እንጂ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በአሥር ዝቅ ሲል ጉልበቱ አሥር እጥፍ ቀንሷል ማለት ነው። ስለዚህ −90 እና −110 መካከል ያለው ልዩነት መቶ እጥፍ ነው።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ይህን ቁጥር ለማየት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚገልጸውን ክፍል፣ ከዚያ የሲም ሁኔታ የሚለውን ክፈቱ። ቦታው ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ እንደ ጥሪ ደውሉ፤ የመለኪያ ገጽ ይከፍትላችኋል። ሁለት ኩባንያ ስታወዳድሩ ግን 4ጂን ከ4ጂ ጋር አወዳድሩ። የ2ጂ ወይም የ3ጂ ቁጥር በሌላ መንገድ ስለሚለካ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል።

የሽፋን ካርታውስ?

የኩባንያ ካርታ የሚሠራው በአብዛኛው በኮምፒውተር ስሌት ነው። የአንቴናው ቦታ፣ ቁመትና ጉልበት፣ የመሬቱም ቅርጽ ይገባበታል። ፕሮግራሙ «እዚህ ድረስ መድረስ አለበት» ብሎ ቀለም ይቀባል። የእናንተ ግድግዳ እዚያ ውስጥ የለም። ትናንት ከጎናችሁ የተሠራው ባለ አሥር ፎቅም ላይኖር ይችላል። ካርታው ጥሩ የሚሆነው ለማስወገድ ነው። ቀለም የሌለበት ቦታ ላይ ብዙም አትድከሙ፤ ቀለም ያለበት ቦታ ላይ ግን ሄዳችሁ ሞክሩ።

ከተጠቃሚዎች ስልክ በተሰበሰበ ልኬት የሚሠሩ ካርታዎችም አሉ። ኦፕንሲግናልና ኤንፐርፍ የታወቁት ናቸው። እነዚህ እውነተኛ ልኬት ያሳያሉ። ችግራቸው መተግበሪያውን የሚጠቀም ሰው ባለበት ቦታ ብቻ መሙላታቸው ነው። ለአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች ይጠቅማሉ። ገጠር ላይ ባዶ ሆነው ብታዩ ኔትወርክ የለም ማለት አይደለም፤ የለካ ሰው የለም ማለት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ራሴ እንዴት ልፈትን?

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ደግነቱ ለእኛ ቀላል ነው። እዚህ አገር የሚሸጠው አብዛኛው ስልክ ሁለት ሲም ይቀበላል። ሲም ካርዱም ውድ አይደለም። ነባሩን መስመር ሳትነኩ ሁለተኛውን ጨምሩና ለአንድ ወር ያህል ኑሩበት። ሲም መግዛት ካልፈለጋችሁ የዘመድ ወይም የጓደኛ ስልክ ይዛችሁ ቤታችሁ ውስጥ ዙሩ።

መፈተን ያለበት የምትውሉበት ቦታ ነው። የምትተኙበት ክፍል፣ ወጥ ቤቱ፣ የሥራ ወንበራችሁ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ በየቀኑ የምትመላለሱበት መንገድ። ክፍለ ሀገር ቤተሰብ ካላችሁና በዓል ሲደርስ የምትሄዱ ከሆነ ያንን ቦታ አትርሱ። ከተማ ውስጥ የሚያስደስት መስመር እናታችሁ ቤት ሲደርስ ዝም ሊል ይችላል። ሰፊ አገር የሚዞር ነጋዴና ሹፌር ይህን ነገር ከከተማ ፍጥነት በላይ ሊያየው ይገባል። ነባሩ ኩባንያ ለረጅም ዘመን ብቻውን ሲተክል ስለኖረ ራቅ ባሉ ቦታዎች ቀድሞ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። አዲሱ ከከተሞች ተነስቶ እየሰፋ ነው። ያም ሆኖ ለእናንተ ቀበሌ የሚሆነውን መልስ የሚሰጠው እዚያ ያለ ሰው ነው። ደውላችሁ ጠይቁ።

ሰዓት ቀያይሩ። ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ በተለይም ያችን የምሽት ሰዓት። ጥሪ ስትሞክሩ መደወል ብቻ አይበቃም፤ ሰው እንዲደውልላችሁ አድርጉ። ስልካችሁ ክፍት ሆኖ «ማግኘት አይችሉም» የሚለውን ድምፅ ሰው እየሰማ ከሆነ ራሳችሁ ልታውቁት አትችሉም። ረዘም ያለ ጥሪም ሞክሩ። መኪና ውስጥ ሆናችሁ እያወራችሁ ሂዱ፤ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው ሲሸጋገር ይቆረጥ እንደሆነ ታያላችሁ። የባንክ ማረጋገጫ ኮድ ቶሎ መድረሱንም ተመልከቱ።

ለኢንተርኔት የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያዎች አሉ። ግን ተጠንቀቁ፤ ፈጣን 4ጂ ላይ አንድ ልኬት ብዙ አሥር ሜጋባይት ሊበላ ይችላል። ትንሽ ጥቅል ገዝታችሁ ደጋግማችሁ ብትለኩ ጥቅሉ በልኬት ያልቃል። የሚወጣውን ቁጥርም አታምልኩት። ለተለመደ የቪዲዮ ጥሪ አንድ ሁለት ሜጋቢት በሰከንድ፣ ጥራት ላለው ቪዲዮ አምስት አካባቢ ይበቃል። 60 እና 30 መካከል ያለው ልዩነት ለቴሌግራም ተጠቃሚ ምንም አይደለም። ሳይቋረጥ 5 የሚሰጥ መስመር፣ አንዴ 60 አንዴ ዜሮ ከሚሆነው እጅግ ይሻላል። ፋይል የምትልኩ ወይም ከቤት የምትሠሩ ከሆነ ወደ ላይ የሚላክበትን ፍጥነት እዩ፤ የሚወርደው ብቻ አያታልላችሁ።

ችግሩ ከስልኬ ቢሆንስ?

ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። እያንዳንዱ ስልክ የሚይዛቸው የፍሪኩዌንሲ መደቦች የተወሰኑ ናቸው። ኩባንያው የሚጠቀምበትን መደብ ስልካችሁ ካልያዘ ማማው ሥር ብትቆሙ እንኳ 4ጂ አይመጣም። ሲም ከመግዛታችሁ በፊት የስልኩን ሞዴል ለሻጩ አሳዩ።

ከአሜሪካ የሚላክ ስልክ ሌላ ጣጣ አለው። እዚያ በየወሩ እየተከፈለ የሚወሰድ ስልክ ብዙውን ጊዜ ለዚያው ኩባንያ የተቆለፈ ነው። ሎክ የሆነ ስልክ የእኛን ሲም አይቀበልም፤ 09 ይሁን 07 ለውጥ የለውም። ስልክ የምትልኩ ወገኖች፣ ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ከዚያው ኩባንያ አስከፍታችሁ ላኩ። እዚህ ከደረሰ በኋላ ማስከፈት ለተቀባዩ ወጪም ራስ ምታትም ነው።

ጥሪ ሲመጣ ኢንተርኔት የሚቆምባችሁ ከሆነ ደግሞ ስልካችሁ በ4ጂ ላይ ድምፅ አያስተላልፍም ማለት ሊሆን ይችላል። ለጥሪው ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል፤ ጥሪው ሲያልቅ ይመለሳል። በ4ጂ መደወል የሚቻለው ስልኩም ኩባንያውም ሲፈቅዱ ነው። ሁለት ሲም ባለው ስልክ ላይም አንድ ነገር እወቁ። በአብዛኞቹ ስልኮች በአንዱ ሲም እያወራችሁ ሳለ ሁለተኛው አይገኝም። ደንበኛ በሁለቱም ቁጥር የሚደውልላችሁ ነጋዴ ከሆናችሁ ይህ ገበያ ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ዋጋስ?

ዋጋና ጥቅል በየጊዜው ስለሚቀያየር እዚህ ቁጥር መጻፍ አይጠቅማችሁም። ስትገዙ ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ደቂቃው ወደ ሁለቱም ኩባንያዎች ነው ወይስ በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ? የምትደውሉላቸው ሰዎች አብዛኞቹ በ09 ላይ ከሆኑና የገዛችሁት የ07 ጥቅል ለ07 ብቻ ከሆነ ርካሽ የመሰለው ውድ ይሆናል።

ቁጥሬስ ምን ይሆናል?

ሰው ሳያስብበት የሚቸገርበት ይህ ነው። ቁጥርን ይዞ ኩባንያ መቀየር በብዙ አገር የተለመደ አሠራር ነው፤ ኬንያ ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ አላት። የእኛዎቹ ሁለት ኩባንያዎች ግን ሥራ የጀመሩት በ09 እና በ07 ተለይተው ነው። ስለዚህ ስትሄዱ መጀመሪያ «ቁጥሬን ይዤ መምጣት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕቅዳችሁን ግን ቁጥሩ እንደሚቀየር አድርጋችሁ አውጡ።

ቁጥራችሁ የት የት እንደተመዘገበ ቁጭ ብላችሁ አስቡ። ባንክ አለ። ቴሌብርና ኤምፔሳም ከተመዘገቡበት ቁጥር ጋር የተያያዙ ናቸው። ፋይዳ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የእቁብ ሰብሳቢው፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች አሉ። ኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል ስትረሱ የሚመልስላችሁም ያው ቁጥር ነው።

ዋናው አደጋ የሚመጣው አሮጌውን ሲም መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ሲረሱት ነው። ሳይሞላና ሳይደወልበት ረጅም ጊዜ የቆየ መስመር ይዘጋል፤ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ያ ሰው ሲሙን አስገብቶ ቴሌግራም ሲከፍት የእናንተን አካውንት የሚከፍተው የማረጋገጫ ኮድ ወደ እሱ ይሄዳል። ባንካችሁ የሚልከው መልእክትም እንዲሁ። ሌብነት ሳይሆን በቸልተኝነት ብቻ ገንዘባችሁና ምስጢራችሁ በማታውቁት ሰው እጅ ይወድቃል።

ስለዚህ አሮጌውን መስመር ለመተው የወሰነ ሰው ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። መጀመሪያ ባንክ ሄዶ ቁጥሩን ያስቀይር፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በአካል መቅረብና መታወቂያ ይጠይቃል። ቴሌብር ላይ ያለውን ገንዘብ ያውጣ ወይም ወደ ባንክ ያስተላልፍ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ ቁጥር መቀየሪያ አላቸው፤ አካውንቱ፣ ንግግሩና ግሩፖቹ ሳይጠፉ ወደ አዲሱ ቁጥር ያልፋሉ። ይህን ሁለቱም ሲሞች በእጅ እያሉ ማድረግ ይሻላል፤ ኮዱ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ሊላክ ይችላልና። ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃልም ይጨምር። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላም ቢሆን አሮጌውን ሲም ጥቂት ወራት በትንሽ ካርድ ማቆየት ይበጃል። የተረሳ ቦታ ካለ ኮዱ የሚመጣው ወደዚያ ነው።

ደጅ ላይ ጥሩ ሆኖ ቤት ውስጥ ብቻ የሚያስቸግራችሁ ደግሞ ከመቀየራችሁ በፊት ቤት ዋይፋይ ካለ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ መደወልን አስቡ። ሰፈሩ በሙሉ የሚቸገር ከሆነ ግን ተሰባስባችሁ ለኩባንያው አመልክቱ። አድራሻውን፣ ሰዓቱንና የዲቢኤም ቁጥሩን ጽፋችሁ ከሰጣችሁ «ኔትወርክ አይሠራም» ከማለት ይልቅ ለቴክኒክ ሠራተኛው መነሻ ይሆነዋል። ኩባንያው ካልመለሰላችሁ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። የሁለቱም ኩባንያዎች ተቆጣጣሪ እሱ ነው፤ የደንበኛን ቅሬታ ማየትም ሥራው ነው።